ጤነኛ ሰው የተኛበት ቃሬዛ

ሻይሽን ጠልቼው አይደለም የገፋሁት፤ ጦስኙን ነው። አትቀየሚኝ። ጦስኝ ሲሸተኝ ጀርባዬን የጠፍር ቋጠሮ ይቆረቁረኛል፣ ሰማዩ ፊቴ ላይ ይወዛወዛል፣ ከበላዬ ደግሞ የማላውቃቸው ሰዎች አገጭ ይታየኛል። አሥር ዓመት አልፎታል። ንዴቱ ግን የትናንት ነው የሚመስለው።

ያን ጊዜ አርብ ገበያ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ጸሐፊም ነበርኩ። ቀኝ እግሬ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንደማይታዘዘኝ ታውቂያለሽ፤ ያኔም እንዳሁኑ በሁለት ክራንች ነበር የምሄደው። ክበቡ ወደ አንድ ጥብቅ ተራራ ሄዶ ሁለት ሌሊት በድንኳን እንዲያድር ሲወሰን የፈቃድ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ፣ የተጓዦቹን ዝርዝር የገለበጥኩትም እኔ ነበርኩ። የራሴን ስም ሦስተኛ ላይ አሰፈርኩት። የክበቡ መምህር ወረቀቱን ሲያነብ እስክሪብቶው ስሜ ላይ ሲደርስ ቆመ። መንገዱ ዳገት እንደሆነ፣ ተራራው አናት ላይ ብርዱ እንደሚጠና፣ እዚሁ ብቀር ለሪፖርቱ የሚጠቅም ሥራ እንደማላጣ አስረዳኝ። በትሕትና ነው ያስረዳኝ። እንዲህ ያለው ትሕትና ከስድብ ይብሳል። የክፍል ጓደኞቼ በሚያድሩበት አድራለሁ፣ ሌላ ወሬ አልሰማም አልኩት። አባቴም “ተመልሰሽ መጥተሽ እንዳታለቅሺብኝ” ብሎ ፈቀደልኝ።

የጭነት መኪናው ድንኳኑንና እኛን አንድ ላይ ጭኖ ከተራራው ግርጌ ያለች መንደር ላይ አራገፈን። ከዚያ በኋላ ያለው ለጤነኛ እግር የሦስት ሰዓት መንገድ ነው ተባለ። ጀመርኩት። ጠጠሩ እየተንከባለለ ክራንቼን ይበላዋል፣ ብብቴ ይላጣል፣ ልጆቹ በየጉብታው ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። ደርሼ ትንፋሽ ሳልሰበስብ እነሱ አርፈው ይነሳሉ። ሲነሱ ሁሉም በየተራ “አይዞሽ” ይለኛል። አይዞሽ የሚሉት ቃል ሲደጋገም እንደሚያሳክክ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። መምህሩ ሰዓቱን ያያል፣ ዳገቱን ያያል፣ እኔን ያያል። በቅሎ እንከራይ ያለ ልጅ ነበር፤ ሣሩ እንዳይጋጥ የጋማ ከብት ወደ ጥብቁ አይገባም ተባለ። ለሣሩ የታሰበለትን ያህል ለእኔ ያሰበልኝ አልነበረም።

አሁን ቢሮ ስብሰባ ሲኖር ቅጽ ይልኩልኛል፤ “ልዩ ፍላጎት ካለዎት ይግለጹ” ይላል ከታች። ሁልጊዜ ባዶውን እመልሰዋለሁ። እልኸኛ ነሽ ትይኛለሽ። ነኝ።

መምህሩ መጨረሻ ላይ ያሰበው ቃሬዛ ነበር። በዚያ አገር ቃሬዛ የመንደሩ የጋራ ንብረት ነው፤ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች፣ መሐላቸው በጠፍር የተጠላለፈ። ማኅበር አለው፣ ጠባቂ አለው፣ ሕግም አለው። ቃሬዛ መንገድ ላይ ያየ ሰው፣ ዘመድ ይሁን ባዳ፣ የያዘውን ሥራ ጥሎ ትከሻ ይሰጣል። ትከሻ የሰጠም ሰው ሌላ ካልተቀበለው ወይም በሽተኛው ካልደረሰ አይለቅም። መምህሩ ወደ መንደሩ ተመልሶ የማኅበሩን አዛውንት ከነቃሬዛው ይዟቸው መጣ። አዛውንቱ ምን ሆና ነው ብለው ጠየቁ።

“እግሯን አሟታል” አለ መምህሩ።

ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። አዛውንቱ ወደ እኔ ዞረው ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ዝም አልኩ። ላይ መድረስ ፈልጌ ነበር። ያ ዝምታ የራሴ ነው፤ ለመምህሩ አላሸክመውም። በገዛ ጋቢያቸው እስከ አገጬ ሸፈኑኝና ምሕረቱን ያውርድልሽ ብለው መረቁኝ። ክራንቼን ከጎኔ አጋደሙት።

ከክበባችን አራት ወንዶች ልጆች አነሱኝ። መምህሩ ድንኳን ለመትከል ከሌሎቹ ጋር ቀድሞ ወጣ። ተሸካሚዎቼ መጀመሪያ ይሳሳቁ ነበር፤ ቆይቶ ግን ትንፋሻቸው አጠረ። እንዲህ እያልን አንድ የገብስ ማሳ ጥግ ስንደርስ አጫጆች አዩን። ማጭዳቸውን ጥለው እየሮጡ መጡ። “እግዜር ይማርሽ፣ እግዜር ይማርሽ” እያሉ ዘንጎቹን ከልጆቹ ትከሻ ላይ ተቀበሉ። ልጆቹ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እፎይ ብለው መንገዱ ዳር ተዘረሩ።

ገበሬ በሽተኛ ሲሸከም አይራመድም፤ ይሮጣል። መንታ መንገዱ ላይ ደርሰው ቁልቁል ሲታጠፉ ነው ነገሩ የገባኝ። ተራራው ላይ ጤና ጣቢያ የለም፤ ጤና ጣቢያው ያለው ታች ነው። ወደ ላይ ነው የምሄደው ብዬ ጮህኩ። ከፊት የያዘው ሰውዬ ሳይዞር ትኩሳቱ ነው የሚያናግራት አለ። አላመመኝም አልኩ። እሱም ትኩሳቱ ነው አለ። ጋቢውን ገፍፌ ቀና ብዬ ኮሌታውን ባልጨመድደው ኖሮ ሐኪሙ ፊት ነበር የሚያስቀምጡኝ።

አወረዱኝ። ያወረዱኝ ጦስኝ ላይ ነው፤ ከሥሬ ተጨፍልቆ ሽታው አፍንጫዬን ሞላው። እዚያው ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ትምህርት ቤቱን፣ ክበቡን፣ ድንኳኑን። ስጨርስ የሰሙት እውነት አልመሰላቸውም። ኮሌታውን የያዝኩት ሰውዬ ጠጉሩ የሸበተ፣ አንገቱ ላይ የገብስ እሾህ የተሰካበት፣ ላቡ በአገጩ የሚንጠባጠብ ሰው ነበር።

“ለሽርሽር ነው?” አለኝ።

ለትምህርት ነው አልኩት።

“ለታመመ የሚሰጥ ትከሻ ነው የወሰዳችሁብን” አለ። “ነገ የኔ ልጅ ታማ በዚህ ቃሬዛ ብትመጣ፣ ‘የተማሪዎች ጨዋታ ነው’ ብሎ የሚቀመጠውን ሰው ማን ያስነሣልኛል?”

ተቆጣሁ። ለምኜያችሁ ነወይ፣ ማን አንሡኝ አላችሁ አልኩ። አንደኛው ምራቁን ተፋና ሦስቱ ቃሬዛውንና ጋቢውን ይዘው ወደ መንደሩ ወረዱ። እኔ ክራንቼን ተደግፌ ተነሣሁና ዳገቱን ያዝኩ። ሸበቶው ሰውዬ ከኋላዬ ይከተለኛል። ጥቂት እንደሄድኩ ዞርኩ።

“ማን ተከተሉኝ አለዎት?”

“ማንም። በትከሻዬ ይዤሻለሁ፤ ሳላደርስሽ ብመለስ ነውር ነው።”

እንዲህ ሆነን ወጣን። መንታ መንገዱ ላይ ስንደርስ ማሳው ጥግ ተዘርረው የነበሩት ልጆች የሉም፤ ገበሬዎቹ በአቋራጭ የወሰዱኝ መስሏቸው ቀድመው ወጥተዋል። ሰውዬው ሳያቋርጥ ያጉረመርማል፤ ስለ ደመናው፣ ያለ ሰው ስለተወው ማሳ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ስለሚያወጣ ትምህርት ቤት። እኔም ለእያንዳንዱ መልስ ነበረኝ። ሁለታችንም ክፉዎች ነበርን። አንድ ጊዜ እንኳ አይዞሽ አላለኝም። ጠጠር ላይ ተንሸራትቼ ስወድቅ እጁን ሳይዘረጋ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ስነሣ ደግሞ ቀደመኝ። ትንሽ ቆይቼ ሳስተውል ከፊቴ እየሄደ በእግሩ ድንጋዩን ወደ ዳር እየገፋልኝ ነው። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ግማሽ ዳገት ላይ ዝናብ ወረደብን። ጊዜው የዝናብ አልነበረም። ሰውዬው ቆመና ቁልቁል ወደ ማሳው አየ፤ ታጭዶ መሬት ላይ የተዘረጋው ገብስ ያለ ሰብሳቢ ነበር። ከዚያ በኋላ ማጉረምረሙን ተወ። ቁጣው ቢቀጥል ይሻለኝ ነበር። ተመለሱ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ብቻዬን እንደማልወጣው አውቄ ነበርና አልተናገርኩም።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ድንኳኖቹ ጋ ደረስን። መምህሩ እየሮጠ መጣና የሆነውን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ፤ ሻይ ልቅዳልዎት አለው። ሰውዬው አልፈልግም አለ። በአገጩ ወደ እኔ አመለከተና “ይቺውት፣ አድርሻታለሁ። ሁለተኛ በቃሬዛ አትዋሹ” ብሎ ዞረ። እግዜር ይስጥልኝ ማለት ነበረብኝ። ሽርሽር ያለኝ ግን ገና ያንገበግበኝ ስለነበር ጀርባውን ብቻ አየሁት።

ሁለቱን ሌሊት እንደፈለግኩት ከጓደኞቼ ጋር አደርኩ። ሽንት ቤት ብለው የቆፈሩት ጉድጓድ ቁልቁለት ላይ ነበር፤ በሄድኩ ቁጥር ሁለት ሴት ልጆች ግራና ቀኝ ይይዙኝ ነበርና ሁለቱንም ጠላኋቸው። ጠዋት ጠዋት ግን ጅብራ በሚሉት ረጅም የደጋ ተክል መሐል ጭላዳ ዝንጀሮ ሲንጫጫ፣ የድንኳኑ ሸራ ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ብርቱካን ሲመስል፣ ደስ ብሎኛል። ደስ አላለኝም ብልሽ ዋሽቻለሁ። እሳት ዳር ተቀምጠን የሰውዬውን ድምፅ እያስመሰልኩ “ለሽርሽር ነው?” ስል ክበቡ በሙሉ ይስቅ ነበር። እኔም እስቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን በክራንቼ ወረድኩ፤ ቁልቁለት ስለሆነ ጊዜ ቢወስድም ይቻላል። ማሳው ጋ ስደርስ ሌሎቹ ቀድመው አልፈዋል። ገብሱ ጠቁሯል፤ እርጥብ ገለባ ይሸታል። ሰውዬውና አንዲት ትንሽ ልጅ ጎንበስ ብለው ነዶውን አንድ በአንድ እየገለበጡ ፀሐይ ያስመቱታል። መንገዱ ላይ ቆምኩ። አባባ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝና ማን ናት ብላ ጠየቀችው። እሱም ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ምንም አልነበረበትም።

“መንገደኛ ናት” አላትና ወደ ነዶው ተመለሰ።

ብዙ ነዶ ቀርቷቸው ነበር። ነዶ ለመገልበጥ መቆም አያስፈልግም፤ ዳር ላይ ቁጭ ተብሎም ይገለበጣል። እጆቼ ደግሞ ጤነኞች ነበሩ። መኪናው ታች ጥሩምባ ሲነፋ ሰማሁና ክራንቼን አንሥቼ ሄድኩ።