ቅጹ ላይ የጨመርኩት አራት ሚሊ ሜትር

ያን ጊዜ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ሥር ባለ አንድ ሆስፒታል የጉሮሮ ሐኪም ነበርኩ። አንድ ቀን፣ ካራ አካባቢ ሲያርሱ ኖረው መሬታቸው ቤት ሲሠራበት የፋብሪካ ጥበቃ የሆኑ ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር መጡ። አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀሉ ተራ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ ሲያጫውቱ ነው ያገኘኋቸው። ምላሳቸው ሥር ካንሰር ነበረባቸው። በጨረር ሕክምና ተሽሏቸው ነበር፤ ግን ተመለሰባቸው።

ልጃቸው አስተማሪ ናት። ሕንድ አገር ያለ ሆስፒታል እንዲህ ያለውን ዕጢ አንገት ሳይከፍት፣ በአፍ በኩል በሮቦት ክንድ እንደሚያወጣ ሰምታ ለሐኪሞቹ ጻፈች። እነሱም ቅጽ ላኩ። አንገታቸው ወደ ኋላ ይታጠፋል? ጥርሳቸው እንዴት ነው? አፋቸውስ ምን ያህል ይከፈታል? ሠላሳ አምስት ሚሊ ሜትር ካልሞላ አትምጡ አሉ።

መለካቱ የእኔ ሥራ ሆነ። ማስመሪያውን በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሳቸው መካከል ያዝኩ። ሃያ ስድስት። ጨረሩ የመንጋጋቸውን ጡንቻ አድርቆታል።

"በዚህ አይሆንም አባባ፤ ግን ሊላላ ይችላል" አልኳቸው። ምላስ መጫኛ እንጨቶችን ደራርበው በጥርሳቸው እንዴት እንደሚይዙ፣ በየጥቂት ቀኑ አንድ እንዴት እንደሚጨምሩ አሳየኋቸው።

ስድስት ሳምንት በየማክሰኞው እየመጡ ተለኩ። ልጃቸው እንደነገረችኝ፣ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጠው እንጨቱን ነክሰው እንባቸው ይወርዳል። "ይብቃህ አባዬ" ስትላቸው በእጃቸው ዝም በይ ይሏታል።

በመጨረሻው ቀን ሠላሳ አንድ ሆነ። ደግሜ ለካሁ። ያው ነው።

"ደረስኩ? ንገሪኝ" አሉኝ።

ልጃቸው ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

"ደርሰዋል" አልኩ። ቅጹ ላይም ሠላሳ አምስት ብዬ ጻፍኩ። ማደንዘዣ ሲወስዱ ይላላላቸዋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጨረር ያደረቀው መንጋጋ በማደንዘዣ እንደማይላላ ግን አውቅ ነበር።

ሄዱ። እዚያ አስተኝተዋቸው አፋቸውን በብረት መክፈቻ ሞከሩ፤ የሮቦቱ ክንድ ማለፊያ አጣ። ዕጢውን ሳይነኩት ቀሰቀሷቸው። ከወር በኋላ ሲመለሱ ዕጢው አድጎ ምግብ የሚወስዱት በሆዳቸው በገባ ቱቦ ነበር።

ካራ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ልጃቸው ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠብቄ፣ "አባባ፣ ልኬቱን ጨምሬ ነው የጻፍኩት። አልደረሱም ነበር" አልኳቸው።

ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠግቼ ብቻ በምሰማው ድምፅ፣ "ያኔ እናገር ነበር" አሉ። "ብትነግሪኝ ኖሮ በቀረችኝ ድምፅ እዚሁ ከሰው ጋር አወራ ነበር። ቋንቋውን በማላውቀው አገር ወር ሙሉ ዝም ብዬ ተኛሁ።"

ልጃቸው ሻይ ይዛልኝ ገባች። ጠጣሁ።

ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ከቀብሩ ስንመለስ ለልጃቸው ሁሉንም ነገርኳት።

"አባዬ ያውቅ ነበር?" አለች።

"ነግሬያቸዋለሁ።"

"እና ሁለታችሁም እኔን ዝም አላችሁኝ።"

ይህን ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። ከዚያ ወዲህ አይቻት አላውቅም።