ቢጫው ኮራል

ፀጉር ሠሪዋን ደንበኞቿ «ቀለሜ» ይሏታል። ቀለም በመቀላቀል የሚያህላት አልነበረም። «ትምህርት ቤት ሳለሁ ቀለም አልዘልቅ ብሎኝ ነበር፤ ይኸው ተበቀልኩት» እያለች ራሷ ትስቅበታለች።

የሰው ፀጉር ስትነክር ውላ ቤት ስትገባ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሳሎን ጥግ ወዳለው የመስታወት ገንዳ ትሄዳለች። ውስጡ ጨዋማ ውሃ፣ ጥቂት ዓሣና ብዙ ኮራል ነው፤ ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ተጣብቆ የሚያድግ የባሕር እንስሳ ነው። ሻጭ የነገራትን ስም አታምንም። በአጉሊ መነጽር አፍጥጣ ትለያቸዋለች፤ ስምንት ላባ መሳይ ጣት ካለው ለስላሳው ዘር ነው፣ ጣቱ የስድስት ብዜት ከሆነ ደግሞ የድንጋይ አጥንት የሚሠራው።

አንድ ጊዜ እናቷን ልታስታምም ሄዳ ሰነበተች። ስትመለስ ገንዳው ዓይን ያጠፋል፤ ቅርንጫፋሙ ኮራሏ ኖራ የተቀባ ይመስል ነጥቷል።

«ምን ነካው?»

«ጨልሞ ቢያስጠላኝ መብራቱን እስከ ጥግ ከፈትኩት» አሏት፣ ለእንግድነት መጥተው የቆዩት ዋርሳዋ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ሶፋው ላይ እንደተጋደሙ። «ቆሻሻው ለቆ እንዴት ፏ እንዳለ አየሽ?»

ደሟ ፈላ። የኮራል ቀለም በአብዛኛው ሥጋው ውስጥ ተጠልለው፣ ከብርሃን ምግብ እየሠሩ የሚያበሉት ደቃቅ አልጌዎች ናቸው። ብርሃን ሲያቃጥለው ያባርራቸዋል። ሥጋው ጥርት ያለ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ነጭ አጥንት ይታያል። ፏ ያለው እሱ ነው።

«ቆሻሻ አይደለም ጋሼ! ምግቡን ነው ያስጣሉት። እየተራበ ነው!»

«ለድንጋይ ነው እንዲህ የምትጮኺብኝ?»

ባሏ ከጓዳ ብቅ አለ። «በቃ እንግዲህ፣ እንግዳ እኮ ነው።»

ይሄ ይባስ አነደዳት። «አንተ ዝም በል! አደራ ብዬህ አልነበር?» አለችው። ከዚያም ካገባች ጀምሮ «እርስዎ» ስትላቸው ወደኖረችው ሰው ዞረች። «አንተስ ማን ነህና ነው በቤቴ የምታዘው?»



ዋርሳዋ ሲያኮርፉ ሰንብተው አንድ ቀን ውሃ ያዘለ ፌስታል አንጠልጥለው መጡ። ውስጡ ሎሚ የመሰለ ቢጫ ኮራል አለ። «ቀለም ከሆነ ጸብሽ፣ ይኸው» አሉ። ይቅርታቸው መሆኑ ነው።

አየችው። እንጉዳይ መሳይ ለስላሳ ኮራል ነው፤ ዘሩን ታውቀዋለች፣ ወተት የነካው ሻይ መምሰል ነበረበት። ይሄኛው ግን ግንዱም ጫፉም፣ የተለጠፈበት ጠጠር ሳይቀር፣ አንድ ዓይነት ቢጫ ነው። ቀለም ሲፈስ የራስ ቆዳንም አብሮ እንደሚነክር ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ንጹሕ ጨዋማ ውሃ ባልዲ ውስጥ ከተተችው። ውሃው ቢጫ ሆነ።

«ሽንት መሰለ እኮ!» አሉ ዋርሳዋ ደንግጠው።

«ነክረው ነው የሸጡልዎት። ተነሱ፣ እንሂድ።»

ባለሱቁ አላፈረም። «ደንበኛ ደማቅ ይፈልጋል፤ ምን ላድርግ?»

«እኔ ፀጉር የምነክረው ሰው ፈቅዶ ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ ነው! ይሄ ነፍስ አለው! ብርሃኑን በቀለም ጋርደህ በረሃብ ትገድለዋለህ፤ ሲሞት ደግሞ ገዢው ‹እኔ ነኝ የገደልኩት› ብሎ ሌላ ሊገዛህ ይመጣል!»

የቆሙት ገዢዎች አንድ በአንድ ወጡ። ባለሱቁ ወደ ዋርሳዋ ዞረ። «አባቴ፣ ሴትዮዋን ያዙልኝ።»

«እኔ? እኔንም አልማረችኝ» አሉ፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው።

ባለሱቁ ልለውጥልሽ ሲላት እንቢ አለች፤ ብትመልስለት ለሌላ እንደሚሸጠው አልጠፋትም። ቤት ወስዳ ደብዘዝ ያለው ጥግ አኖረችው። ቢጫው ሲለቅ ኮራሉ ገረጣ፣ እንደ ቡጢ ተጨማደደ። የበሰበሰውን ጎኑን በምላጭ ቆርጣ ጣለች፤ ከወራት በኋላ የተረፈው ጎን ቡናማ እየሆነ መጣ። ቅርንጫፋሙ ግን አልተረፈም። ዋርሳዋን መልሳ «እርስዎ» ብትላቸውም፣ ነገሩ ከሆዷ አልወጣም።

ሱቁም አልተዘጋም፤ አሁን ደግሞ ሰማያዊ ደርድሯል። በዚያ ባለፈች ቁጥር በሩ ላይ ቆማ ለሚገባው ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትናገራለች፦ «ሰማያዊ አይደለም፤ የተነከረ ነው!» ባለሱቁ ከሩቅ ሲያያት ወደ ጓዳ ይገባል።