ለጉብኝት የተጠረገው ፍግ

በመካነ ሰላም ስለ ከተማ ግብርና የእኔን ያህል ያወራ ሰው የለም። የእኔን ያህል ዶማ ያልነካም የለም። ሥራዬ ነው፤ ማውራቱን ማለቴ ነው። ስልጠና ሰጥቻለሁ፣ ቅጽ አስሞልቻለሁ፣ ካሮት ምን ዓይነት አፈር እንደሚወድ ለአዳራሽ ሙሉ ሰው አብራርቻለሁ። በራሴ ግቢ የነበረው ግን ሳር ነው። ተራ ሳር እንዳይመስላችሁ። ከደሴ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ የመጣ፣ እንዳይረገጥ በሽቦ የታጠረ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ከእኔ ቀድሞ የሚጠጣ ሳር።

እናቴን ከከላላ ገጠር ያመጣኋት አባቴ በሞተ በዓመቱ ነው። "ከእንግዲህ ማረፍ ነው ያለብሽ" አልኳት። በእኛ ከተማ እናትን ማሳረፍ ማለት ሶፋ ላይ አስቀምጦ ቴሌቪዥን መክፈት ነው። ሦስት ቀን ተቀመጠችልኝ። በአራተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ሳሩ ዳር ቆማ አገኘኋት።

"ይኸን ማን ይበላዋል?" አለችኝ።

"ለዓይን ነው፣ እማ። ይታያል።"

"አየነው" አለች። "ከዚያስ?"

ለዚህ ጥያቄ በስልጠና ሰነዴ ውስጥ መልስ አልነበረም። እሷም ቁርጡን ነገረችኝ። "ሥራ ካለኝ እቀመጣለሁ። ከሌለኝ ወደ ቀዬዬ መልሰኝ።" እንድትሄድ አልፈለግሁም። ሰው "እናቱን ማኖር አቃተው" እንዳይለኝ ፈርቼ ነው ብል ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ እሷ ከመጣች ወዲህ ማታ ወደ ቤቴ መግባት ደስ ይለኝ ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ሽቦውን ፈታሁት። ሳሩን አንዲት በግ በላችው፣ መሬቱን እናቴ ቆፈረችው።

ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንች ተከለች። ውሃውን ከየት እንዳመጣችው ግን እኔ ባለሙያው አስቤው አላውቅም። ከአጥራችን ቀጥሎ ቁርአን ቤት አለ። ልጆቹ በቀን ስንት ጊዜ ውዱእ የሚያደርጉበት ውሃ መንገዱ ላይ እየፈሰሰ ጭቃና ሽታ ሆኖ ይቀር ነበር። እናቴ ሼሁን አነጋገረች። እሳቸውም "ለአላህ ብለው ታጥበውበታል፣ የተረፈውን ጎመን ቢጠጣው ምን ክፋት አለው?" አሏት። በአጥሩ ሥር ቦይ ቀደደች፤ መንገዱም ደረቀ። እኔ ያን መንገድ ስለ ማድረቅ ሁለት ጊዜ ስብሰባ ተቀምጫለሁ።

ጎረቤቶቻችን መጀመሪያ ሳቁ። ሁላችንም ከገጠር የወጣነው ትናንት ነው፤ ለዚህም ነው ዶማ ስናይ እንደ ዘመድ ዕዳ የምንደነግጠው። ልጆቿ አረብ አገር ያሉ አንዲት ጎረቤታችን ግቢዋን እስከ አጥሩ ድረስ በሲሚንቶ አስለብሳ "ልጆቼ በሰው አገር የሚንከራተቱት እኔ አፈር ልገፋ ነው?" ትል ነበር። ጾም ሲገባ ክርስቲያኖቹ ጎመን ፍለጋ በራችንን አንኳኩ። ከዚያ ባለ ሲሚንቶዋም መጣች፤ ባዶ እጇን መምጣት አፍራ አመድ ይዛ መጣች። እናቴ አመዱን ከአበባ አስበልጣ ተቀበለቻት። ከዚያ ወዲያ የድንች ልጣጩም፣ አመዱም፣ የበግ በጠጡም ወደ እኛ ግቢ ሆነ። ከበሩ አጠገብ የፍግ ክምር አደገ።

በገበያ ቀን ደግሞ እናቴ ጆንያ ይዛ ትወጣለች። ከየገጠሩ የመጡት ሰዎች በቅሎዎቻቸውን የሚያስሩት ከመሥሪያ ቤቴ ጀርባ ነው። ገበያው ሲበተን በቅሎዎቹ ይሄዳሉ፤ ፋንድያው ይቀራል። እናቴ ያንን በእጇ እየለቀመች ጆንያዋን ትሞላለች። እኔ ከመስኮቴ አያታለሁ። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ አጠገቤ ቆሞ "ያቺ ሴትዮ እንዴት ያለች ጠንካራ ናት!" አለኝ።

"የትኛዋ?" አልኩት።

ይኼን አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል።

እናቴ ከመጣች ዓመት ሊሞላ ሲል ከዞን እንግዶች ይመጣሉ የሚል ደብዳቤ ደረሰን። "ሞዴል የከተማ አርሶ አደሮችን" ሊጎበኙ ነው። በእኔ ሪፖርት ሞዴል ሞልቷል። ወጥቼ ስፈልጋቸው አንዱ ጓሮውን የጎማ መጋዘን አድርጎታል፣ አንደኛዋ የሰጠናትን ችግኝ ፍየል በልቶባታል፣ ሌላው እኔን ሲያየኝ በሩን ዘጋ። በከተማው ውስጥ እውነተኛ ሆኖ የተገኘው የእናቴ ጓሮ ብቻ ነበር።

ጉብኝቱ የገበያው ማግስት ነበር። በዋዜማው ድንጋዮቹን ኖራ ቀባሁ፣ ባነር ሰቀልኩ። የቀረኝ ክምሩ ነው። እንግዳ በበር ሲገባ መጀመሪያ የሚቀበለው ፍግ ሊሆን ነው? እናቴ ፋንድያ ልትለቅም እንደወጣች ጋሪ ጠራሁ። ጋሪው ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ክምሩን ከከተማው ዳር ገደል ውስጥ ደፋው። ቦታውን ጠረግሁ፣ ውሃ ረጨሁ። ግቢው በስላይዶቼ ላይ ያሉትን ግቢዎች መሰለ። ግብርና ሳይነካው የጸዳ የግብርና ቦታ!

እናቴ ጆንያዋን አዝላ ገባች። ባዶው ቦታ ላይ ቆመች።

"የት አደረግኸው?"

"እማ፣ እንግዶች ነገ ይመጣሉ። ይሸታል።"

"መሽተት ካቆመ ቆየ እኮ። በስሏል" አለች። "ለዘንድሮ ድንች ነበር ያቆየሁት።"

ያዘለችውን ፋንድያ ባዶው ቦታ ላይ አራገፈችና እጇን ታጥባ ገባች። እኔ እሱንም ጠረግሁት።

እንግዶቹ መጡ። አለቃቸው ፎቶ ለመነሣት የነጭ ሽንኩርቱ መደብ ላይ ወጡ፤ ማንም ይውረዱ አላላቸውም። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው "እማማ፣ ይኼን ሁሉ ማን አስተማረዎት?" አሉ።

እናቴ አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

"ልጄ ነው" አለች። "እሱ ነው ያስተማረኝ።"

ተጨበጨበ።

"ማዳበሪያውንስ ከየት ያገኛሉ?" ሲሉ አፏን ሳትከፍት ቀደምኩና "ዘመናዊ ብስባሽ በራሳችን እናዘጋጃለን" አልኩ። ጻፉት። ለእሷ የሞዴል አርሶ አደር፣ ለእኔ የሞዴል ባለሙያ የምስክር ወረቀት ሰጡን።

በሳምንቱ እናቴ የተረፈውን ነጭ ሽንኩርት ነቀለች፣ ልብሷን ቋጠረች። "ወደ ቀዬዬ መልሰኝ" አለች። ለመንኳት። ፍጉን በመኪና አስመጣለሁ አልኳት፤ ከፈለግሽ ከክምሩ ሁለት እጥፍ።

"ፍግ አጥቼ መሰለህ?" አለች። "ፋንድያ ስለቅም ከመስኮትህ ስታየኝ አይቼሃለሁ፤ አንድ ቀን ወጥተህ እናቴ አላልከኝም። ልጄ በእኔ ያፍራል። በሚያፍርብኝ ቤት አልቀመጥም።"

ከላላ ድረስ ሸኘኋት። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አላወጣሁም፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው የማይበቃኝ ሰውዬ።

ግቢዬ ውስጥ አረም በቀለ። ቦዩ ተደፍኖ ውሃው ወደ መንገዱ ተመለሰ። ጎረቤቶች አመድ ይዘው መምጣቱን ተዉት፤ ስንገናኝ ስለ እናቴ ይጠይቁኛል፣ እኔም "ደህና ናት" ብዬ አልፋለሁ። ሪፖርቱ ግን ምንም አልሆነም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በእኔ ቢሮ ሁለቱም ተገናኝተዋል። በየሩብ ዓመቱ "ሞዴል አርሶ አደሯ ሥራዋን በተጠናከረ ሁኔታ ቀጥላለች" እያልኩ ፈረምኩ።

ዘንድሮ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። እንግዶቹ እሷኑ ማየት ይፈልጋሉ። ከላላ ወረድኩ፣ ከዚያም በእግሬ ተጓዝኩ። ጓሮዋ ውስጥ ጎንበስ ብላ ድንች ስትኮተኩት ደረስኩ። አጠገቧ እስከ ወገቧ የሚደርስ የፍግ ክምር አለ። የመጣሁበትን ስነግራት ቀና ሳትል ሰማችኝ።

"ሪፖርቱ ላይ አሁንም አለሁ?" አለች።

"አለሽ፣ እማ።"

"ደህና ነኝ እዚያ?"

"ደህና ነሽ።"

"አታፍርብኝም?"

"እዚያ አላፍርብሽም" አልኳት።

"አልሃምዱሊላህ" አለች፤ መኮትኮቻዋን ወደ አፈሩ መለሰች። "እንግዲያ እዚያው ልኑር።"