የሚስተር ኤልመር ጉድጓዶች

ዛሬ ጠዋት በስደት በምኖርባት ማኪኒ ከተማ፣ ቤቴ ደጃፍ ላይ፣ ጎረቤቴ አበባ ልትተክል በትንሽ የእጅ አካፋ መሬቱን ስትጭር፣ ዝናብ የጠጣው ጥቁር አፈር ሸተተኝና ሳላስበው እዚሁ አቅራቢያ ሪቻርድሰን በምትባል ከተማ ያሳለፍኩት ልጅነቴ ላይ ጣለኝ።

እናቴ ያኔ ሚስተር ኤልመር የሚባሉ፣ ወደ ዘጠና የተጠጉ ሽማግሌ እየተንከባከበች ትሠራ ነበር፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያው እውላለሁ። ሽማግሌው በወጣትነታቸው ኦሊምፒክ ላይ ለአገራቸው ሮጠው እስከ ፍጻሜው ደርሰዋል፤ ከዚያ ጦርነት መጣ፣ የመርዝ ጋዝ ሳንባቸውን አቃጠለው፣ ሩጫውም በዚያው አበቃ። ይህንን በየሦስት ቃሉ እያሳላቸው ነበር የነገሩን። እናቴ ግን ሩጫ ሲባል አገር የሚያቋርጥ ብቻ የሚመስላት ሴት ናትና ርቀቱን ስትሰማ ሳቋ አመለጣት።

“ማለቴ፣ መቶ ሜትር? ይኼማ መኪናዬን ፓርክ ካደረግኩበት እስከ በሩ ነው!” አለችኝ በአማርኛ። እሳቸውም ምስኪን፣ በምን እንደምትስቅ ሳያውቁ አብረዋት ሳቁ።

በዚያ መኸር ሚስተር ኤልመር ጓሮ እየወጡ ሁለት ትንንሽ ጉድጓድ፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ፣ መቆፈር ጀመሩ። ምን እንደሆነ ሊያስረዱን ሲጀምሩ ሳላቸው ያቋርጣቸዋል። እናቴ አማተበች፤ እኛ ዘንድ ሽማግሌ በደህና ቀን ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ከማሰ ሟርት ነው፣ መቃብሩን ጠራ ማለት ነው። እሷ ከሥራ ስትወጣ እየደፈነች፣ እሳቸው ጠዋት እየቆፈሩ ከረሙ። በመጨረሻ ጨነቃትና ለሴት ልጃቸው ኮል አደረገች። ልጅየዋ መጥታ ጉድጓዶቹን ስታይ አባቷ አእምሯቸውን እንደሳቱ ቆረጠች፤ የበሩን እጀታ ይዘው “ከቤቴ አታውጡኝ” እያሉ እየለመኑ ወደ አረጋውያን ማቆያ ወሰደቻቸው። የገና በዓል እንኳን ሳይደርስ ሞቱ።

ዕቃቸውን ስንሸክፍ እናቴ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አንድ ፎቶ አወጣች። ጎረምሳው ኤልመር መሮጫው ላይ አጎንብሶ፣ የእግሮቹ ጣቶች በሁለት ትንንሽ ጉድጓዶች ገብተዋል። በዚያ ዘመን እግር የሚደገፍበት ብረት ስላልነበረ ሯጩ ሁሉ መነሻውን ራሱ ይቆፍር ኖሯል። እናቴ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች።

“መነሻቸውን ነው የደፈንኩባቸው” አለች።

ቀብራቸው ላይ ሰባኪው ደግ አባት፣ ጥሩ ጎረቤት እያለ አወደሳቸው፤ ሩጫውን ያነሳ አልነበረም። በዚያ ጸጥ ባለ ልቅሶ መሃል እናቴ ብድግ ብላ፣ እንደ አገሯ ወግ ደረቷን እየመታች ሙያቸውን ጠርታ በአማርኛ አለቀሰች፦ “ሯጩ አባቴ! የመቶ ሜትሩ ጀግና!”

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት፤ ልጅየዋ አቀረቀረች። ዛሬ እናቴም የለችም። ሚስተር ኤልመርን ሯጭ ብላ የቀበረቻቸው እሷ ብቻ ነበረች፤ ከዚያ ሁሉ ቀባሪ መሃልም ያለችው የገባው ከእኔ በቀር አንድም ሰው አልነበረም።