ለዋቆ ውሾች የተቀመጠች ብልቃጥ

ከጎባ በላይ፣ ወደ ሳነቴ ሜዳ በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት መንደሮች ዙሀይራን የማያውቅ ውሻ አልነበረም። የክትባት ሳጥኗን ትከሻዋ ላይ አንግታ ከግቢ ግቢ ስትዞር ሁለት ዓመት አልፏታል። ሥራው ለውሻ ታስቦ የተጀመረ አይደለም። ሳነቴ ላይ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ፣ የአገሩ ሰው ጀዳላ ፈርዳ የሚለው፣ በዓለም ላይ የቀረው ጥቂት መቶ ብቻ ነው፤ ከብት ተከትሎ ሜዳው ላይ የሚወጣ አንድ ያበደ ውሻ ደግሞ አንድ ቤተሰብ ሙሉ ቀበሮ ይፈጃል። እንግዲህ ቀበሮው እንዲተርፍ ውሻው ይከተባል።

ዙሀይራ ግን ሥራውን የያዘችው ለቀበሮ አዝና አይደለም፤ ይህን ራሷም አትክድም። የያዘችው የዋቆን ግቢ በር የሚያስከፍት ሥራ ስለሆነ ነው።

ዋቆ የከብት ጌታ ነው። ነገር ሲበላሽ ሰው የሚጠራው፣ ጁምዓ ከፊት ረድፍ የማይጠፋ የተከበረ ሽማግሌ። አራት አምስት ውሾች ከግቢው ጠፍተው አያውቁም። ታዲያ አንድ አመል ነበረው፤ መርፌ የተወጋ ውሻ ጅብ አይመልስም ባይ ነው። ይህን የሚለው እሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ግማሹ የደጋ ባለከብት ያምነዋል። ውሻው ሲከተብ ይሰንፋል፣ ቀን ሲተኛ ይውላል፣ ጩኸቱም ይሞታል ይላሉ። ስለዚህ ከታቢዎች የሚመጡበትን ቀን ሲሰማ ውሾቹን ከእረኞቹ ጋር ሳነቴ ላይ ይሰድና ባዶ ግቢ ያሳያቸዋል። ቀበሌው ያላስከተበ ይቀጣል ብሎ ካወጀ በኋላ እንኳ አልተወውም። ብቻ የጠየቀውን ሁሉ “ተከትቧል” እያለ መሸኘት ለመደ።

የዙሀይራን ባል ቃሲምን የገደለችው ይህች ቃል ናት። ቃሲም ከብት የሚያዋልድ፣ የተሰበረ እግር የሚያስር፣ የጠራው ቤት ሁሉ የሚሄድ ለስላሳ ሰው ነበር። አንድ ቀን ዋቆ፣ ውሻዬን አጥንት አንቆታልና ድረስልኝ ብሎ ላከበት። ውሻው አፉን ከፍቶ ለሃጩን ያዝረበርባል፤ መዋጥ አልቻለም። ቃሲም እጁን እስከ አንጓው ከተተ። አጥንት የሚባል ነገር የለም። እጁን ሲያወጣ ግን ጥርሱ አውራ ጣቱን ጫር አደረገው።

ዙሀይራ ይህን እንደሰማች ዛሬውኑ ጎባ ውረድና ክትባቱን ጀምር አለችው። ቃሲም መጀመሪያ ዋቆን ልጠይቀው ብሎ ተመለሰ። ዋቆም ቅጣቱን ፈርቶ ሰው ፊት ወላሂ ብሎ ማለ፤ ውሻው ተከትቧል አለ። ውሻው በሦስተኛው ቀን ሲሞት ጅብ ነው የበላው ብሎ ነገሩን አዳፈነው። ቃሲም ደግሞ ቃል አማኝ ነው፤ ሽማግሌ ምሎልኝ ምን አስጨነቀኝ ብሎ እቤቱ ቀረ።

አርባ ቀን ሲያልፍ ውሃ ማየት ፈራ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ቀናት ዙሀይራ ለማንም አውርታ አታውቅም፤ እኔም አላወራም።

ዋቆ ለቅሶ ደረሰ። ያውም ሰንጋ አስነድቶ። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ “የአላህ ውሳኔ ነው” ሲል ዙሀይራ ከጓዳ ሰማችው። በሐሰት የማለው አላህ ነው እንዴ፣ አንተ ነህ እንጂ፣ አለች በልቧ። ወጥታ ልትናገረው ቃጣት። ግን ማን ይሰማታል? ውሻው የለ፣ ማስረጃ የለ፣ እሱ የተከበረ ሰው፣ እሷ ሐዘን ያቃጠላት ሴት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች።

ስለ ቀበሮው የሚሠራው ድርጅት ሴት ከታቢ ሲፈልግ መጀመሪያ የተመዘገበችው እሷ ናት። ቀን ቀን ወንዱ ከብት ላይ ነው፤ ውሻውን ይዛ የምታስረው የቤቱ እመቤት ስለሆነች ሴት ለሴት ይግባባሉ ተብሎ ነው። አለቃዋ ሩሀማ ትባላለች፤ ከሆሳዕና የመጣች የእንስሳት ሐኪም፣ ለቀበሮ የማትሆነው የሌለ፣ ለሰው ግን ፊቷ ቶሎ የማይፈታ። ሜዳው ላይ የተተከሉትን ካሜራዎች ለማየት ስትወጣ ዙሀይራን ታስከትላት ነበር። አንዲት ጆሮዋ የተቀደደ እናት ቀበሮ ነበረች። የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ደረቷን መሬት አስነክታ፣ ሳትነቃነቅ፣ ሰዓት ሙሉ ትጠብቃለች። ዙሀይራ ወደደቻት። ሰውም የጠላውን ለመያዝ እንዲህ መጠበቅ አለበት ትል ነበር።

ክትባቱ የሚቀመጠው የመንደሩ ራስ ላይ ባለችው የእንስሳት ጤና ኬላ፣ በሶላር በሚሠራ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ጎባ ላይ መብራት ሲጠፋ እንኳ እሱ ሥራውን አያቋርጥም፤ ሩሀማ እንግዳ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምታሳየው ጣሪያው ላይ የተነጠፈውን ሶላር ነው። በሁለተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ ግን ጉሙ ሁለት ሳምንት አልገልጥ አለ። ባትሪው ሞተ፣ ፍሪጁም ቆመ። ሩሀማ ብልቃጦቹ ተበላሽተዋል፣ ከእንግዲህ ከውሃ አይሻሉም፣ ቅበሪያቸው ብላ አዘዘች። ዙሀይራ ቀበረቻቸው። አንዲቷን ግን ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጥራ ቤቷ ወሰደቻት፤ ቅንጣት ታህል ኃይል እንዳይቀርባት ብላ ሳምንት ሙሉ ምድጃ ዳር አኖረቻት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ያን ሳምንት ስትሰግድ እንኳ ልቧ ምድጃው ዘንድ ነበር።

መስከረም ሲጋመስ ያችን ብልቃጥ ይዛ ዋቆ ግቢ ሄደች። ጉድ በሉ፣ በዚያ ዓመት ውሾቹን አልደበቀም። የቃሲም ነገር ከብዶት ይሁን እሷን ባዶ እጅ መመለስ አሳፍሮት፣ አራቱንም አስሮ ነበር የጠበቃት። አንገት አንገታቸውን ይዞ አንድ በአንድ አስወጋላት። እሷም የተከተበ ውሻ ምልክት የሆነውን ቢጫ ማሰሪያ አንገታቸው ላይ አደረገች፤ ወረቀቱንም ጽፋ ሰጠችው። ዋቆ በሁለት እጁ ተቀበላትና “ረቢ ሲ ሀኤቢሱ” ብሎ መረቃት። አሜን አለች።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ኅዳር ላይ ከዋቆ ውሾች አንዱ ሳነቴ ላይ ጠፍቶ ቀረ ሲባል ሰማችና ለሩሀማ ሳትነግራት ተወችው። ጥር ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ዋቆ ራሱ በቅሎውን እየሳበ ሥራውን ከያዘች ወዲህ ጎባ ውስጥ የተከራየችው ቤት በር ላይ ቆመ። ቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ትልቁ ውሻ መዋጥ እንዳቃተው፣ ሊያየው ቢጠጋ መዳፉን እንደዘነጠለው ነገራት። ልጆቹ ጎባ ውረድና ተከተብ እያሉ ነዝንዘውታል። እሱ ግን ውሻው ወረቀት ያለው ነው፣ ከሁሉም በፊት የከተበችውን ልጠይቅ ብሎ መጥቷል።

“ተከትቧል አይደል፣ ኢንተላኮ?” አላት። ልጄ ማለቱ ነው።

ዙሀይራ ዓይኑን አየችው። በውስጡ ፍርሃት ነበር፤ ቃሲም ዓይን ውስጥ ያየችው ዓይነት ፍርሃት።

“ተከትቧል፣ ኦቦ ዋቆ” አለች። “ወረቀቱ እርስዎ ጋ አይደል?”

ፊቱ በራ። መርቋት ሄደ። ዙሀይራ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ገበያ ወጣች፣ ሥጋ ገዛች፣ ጠብሳም በላች። ከቃሲም ሞት ወዲህ ምግብ እንዲያ ጣፍጧት አያውቅም። አርባ ቀን ብላ ቆጠረች። መጀመሪያ ውሃ ይፈራል፣ ቀጥሎ ንፋስ፣ ከዚያ የገዛ ልጆቹን። እያንዳንዷን ሰዓት በስሟ ታውቃታለች። የፍርድ ቤት ደጅ ሳትረግጥ ፍርድ ማግኘቷ አኮራት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሩሀማ ደወለችላት። ሳነቴ ላይ አምስት ቀበሮ ሞቶ ተገኝቷል። አብረው ወጡ። ጆሮዋ የተቀደደችው እናት ከፍልፈል ጉድጓዷ ጥቂት ራቅ ብላ ተዘርራለች፤ አፏ አፈር ጎርሷል፣ የገዛ እግሯን ነክሳዋለች። አራቱ ግልገሎቿ ሊጠቧት ሆዷ ሥር ይገፋፋሉ። ዙሀይራ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሩሀማ ጓንቷን አጥልቃ ናሙና ወሰደች፤ ከዚያ ካርታዋን ዘረጋች። በዋቆ በኩል ያለው ሁሉ ተከትቧል፣ መዝገቡም ይኸው፣ ስለዚህ በሽታው የመጣው ከማዶ ካሉት መንደሮች ነው አለች። ያለውን ክትባትና ያለውን ሰው በሙሉ ዛሬውኑ ወደዚያ ልትልክ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። የጠፋውና የነከሰው ሲቀሩ ከዋቆ ውሾች የተረፉት ሁለቱ ቢጫ ማሰሪያቸውን እንዳሰሩ ነገ ከከብቱ ጋር ይወጣሉ፤ የሚወጡበት ሜዳ ላይ ደግሞ ገና ያልታመሙ ሁለት የቀበሮ ቤተሰቦች አሉ። ይህን ከዙሀይራ በቀር የሚያውቅ የለም።

ዝም ብትል ቀበሮዎቹ ያልቃሉ። ብትናገር ዋቆ ይድናል። ያንገበገባት ይኼ ነው። ቀበሮዎቹን አድኖ ዋቆን የማያድን ቃል ፈለገች፤ አገላብጣ ፈለገች፤ አጣች። እነዚያ ግልገሎች ደግሞ ከሬሳው ላይ አልነሳ አሉ። በመጨረሻ እንባዋ ከንዴት ይሁን ከሐዘን ሳይለይ፣ ብልቃጧን ከቀበረቻቸው መሃል እንዴት እንዳስቀረቻት፣ ማንን እንደወጋችባት ለሩሀማ ነገረቻት።

ሩሀማ አልጮኸችባትም። ጓንቷን ቀስ ብላ አወለቀች፣ ስልክ አንስታ ሰዎቿን ከማዶ ወደ ዋቆ በኩል አዞረች። ከዚያ ወደ ዙሀይራ ሳታይ፣ ሂጂና ለሰውየው ንገሪው፣ ስትመለሺ ሳጥኑን አስረክቢ አለቻት።

ዋቆ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ዙሀይራ ሰላምታ አልሰጠችውም።

“ውሾችህ አልተከተቡም” አለችው። አንተ ብላው አታውቅም ነበር። “የወጋሁልህ የሞተ መድኃኒት ነው። አውቄ ነው ያደረግኩት። ዛሬውኑ ጎባ ውረድና ክትባቱን ጀምር።”

ዋቆ የተጠቀለለ እጁን ቁልቁል ተመለከተ። “ታዲያ ለምን መጣሽ?” አላት።

“ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ። ቀበሮዎቹ ባይሞቱ ኖሮ ለቅሶህን እደርስ ነበር።”

ሽማግሌው፣ የቃሲም ጊዜ ውሻው እንዳልተከተበ አውቅ ነበር አለ፤ ቅጣቱን ፈርቼ ነው አለ፤ ይህን ያህል ይሆናል አላልኩም አለ። ዙሀይራ ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ይህን ከአፉ ለመስማት ስትመኝ ኖራ ነበር። ስትሰማው ግን ልቧ ቅንጣት አልረካም። በቅሎውን እንዲጭን ነግራው ወጣች።

ዋቆ መርፌውን ጨርሶ ዳነ። ከቀበሮዎቹ አሥራ አንድ ሞተው በሽታው ቆመ፤ ከአራቱ ግልገሎችም ሁለቱን ሌላዋ ሴት ቀበሮ አሳደገቻቸው። ዙሀይራ ሥራዋን አጣች። ዋቆ አልከሰሳትም፤ ቢከሳት የቃሲም ነገር እንደሚወጣ ያውቃል። ይልቅ እርቅ ፈልጎ ሽማግሌ ላከ፣ ወይፈንም አስነዳ። ወይፈኑን መለሰች። ለሽማግሌዎቹ፣ ጁምዓ ቀን ከዚያ ከፊት ረድፍ ተነስቶ በሐሰት መማሉን በራሱ አፍ ይናገር፣ ያን ጊዜ እናወራለን አለቻቸው። መልእክቱን አደረሱለት። እስከ ዛሬ አልተነሳም።

አሁን ጎባ ገበያ ሽንኩርትና ቃሪያ ትቸረችራለች። ዋቆ በገበያ ቀን በበቅሎው ሲያልፍ የዳነ ቀኝ እጁን አንስቶ ሰላም ይላታል፤ አንድም ቀን አልፏት ሄዶ አያውቅም። ደህና ነው፣ ወፍሯልም። ዙሀይራ ያን እጅ ታየዋለች። ቃሲም አፈር ለብሶ ይህ ሰው በቅሎ ላይ የተቀመጠው እሷ ስለተናገረች ነው። ፊቷን ታዞርና ቃሪያዋን መደርደር ትቀጥላለች።