ጋሼ መኩሪያ ሳይረጥቡ የተመለሱበት አደን

ነገ ከመውጣታችን በፊት የድቡን ነገር ካልነገርከን ብላችሁ ይዛችሁኛል። እሺ፣ እነግራችኋለሁ፤ ግን ከዝናቡ ነው የምጀምረው። ዝናቡን ያልሰማ ሰው ድቡን አያምነኝም። ጋሼ መኩሪያ ይኸው እዚሁ ሱቃቸው ውስጥ ከበርበሬው መደርደሪያ ሥር ተቀምጠዋል፤ ከዋሸሁ ያርሙኛል። ከገባን ጀምሮ ባርኔጣቸውን አላወለቁም። እሱን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወቅቱ እንዳሁኑ ጥቅምት ነበር፤ የአጋዘን አደን ከተከፈተ ሰንብቷል። ሎስ አንጀለስ ላይ ጥቅምት ማለት ያው በጋ ነው፤ እዚህ ፌርፋክስ ላይ ሰው በሸሚዝ ነው የሚሄደው። ድንገት ካካፋ ደግሞ ከተማው በሙሉ መኪና መንዳት ይረሳል። ከከተማው በስተሰሜን ያለው ተራራ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ጠዋት አቧራ ያስነሳባችኋል፣ ከሰዓት ጭቃ ያስቦካችኋል።

እኔና ጋሼ መኩሪያ ብቻ ነበርን። እኔን ታውቁኛላችሁ፤ በርባንክ ጋራዥ ውስጥ ስጠግን የምውል፣ ዓይኔ ግን ተራራ ተራራውን የሚያይ ሰው ነኝ። አደን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዱካ ማንበብን፣ ነፋስን ፊት ለፊት ይዞ መሄድን፣ ከሁሉም በላይ ዝም ማለትን አስተምረውኛል። የመጨረሻውን እሳቸው ራሳቸው አይችሉበትም።

በዚያው ክረምት ታመው ነበር። የሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ሰባን ላለፈ ሰው ቀልድ አይደለም። ልጃቸው ሰናይት ነርስ እንደሆነች ታውቃላችሁ። እዚህ በር ላይ ፒክአፔን አቁሜ ዕቃ ስጭን መጥታ ፊቴ ቆመች።

«ደረጀ፣ ስማኝ። ሳንባው ገና ሪከቨር እያደረገ ነው። ብርዱ አያሳስበኝም፣ ልብስ አለው። እኔ የምፈራው ውሃ ነው። ደርቆ ከመጣ ኦኬ፣ በየዓመቱ ይሂድ፣ አፌን አልከፍትም። ረጥቦ ካገኘሁት ግን ያ ጠመንጃ ይሸጣል። ዲል?»

«ዲል» ብዬ ተስማማሁ።

ጋሼ መኩሪያ ጋቢና ውስጥ ሆነው ሰምተዋል፤ ፊታቸው ቅጭም አለ። ዓመቱን ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ ሆነው የሚያስቡት ስለዚያች አንድ ጉዞ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጠመንጃው ከተሸጠ በምን ተስፋ ይኖራሉ? ትንሽ ቆይተው «አንዴ፣ የረሳሁት ነገር አለ» ብለው ወርደው ሱቅ ገቡና ኪሳቸውን እየደባበሱ ተመለሱ። ምን እንደረሱ አልጠየቅኳቸውም። መጠየቅ ነበረብኝ።

በማግስቱ ጠዋት ዱካ ላይ ነበርን። ምን ዓይነት ዱካ መሰላችሁ! አቧራው ላይ ሁለት ጣቱ ቁልጭ ብሎ የታተመ፣ ከፊቱ ጠለቅ ያለ፣ የትልቅ ወንድ አጋዘን ኮቴ። ቀንዱን ያሸበት የዛፍ ልጥ ገና አልደረቀም፤ በጠጡም ለስላሳ ነበር። ኦክ ዛፎቹ ሥር ስንደርስ ደግሞ ሌላ ዱካ አገኘን። ሰፊ ነው፣ ባለ አምስት ጣት፣ ጫማ የሌለው ወፍራም ሰው ያለፈበት ነው የሚመስለው። መሬት የወደቀውን የኦክ ፍሬ ለቃቅሞ ጨርሶታል።

«ድብ ነው» አልኩ።

«የሰነበተ ነው፤ እኛ የመጣነው ለአጋዘን ነው» አሉና አለፉት።

እኩለ ቀን ሳይደርስ ከባሕሩ በኩል ጥቁር ደመና ተግተልትሎ መጣ፤ ነፋሱም አቅጣጫውን ቀየረ። እኔ አጋዘኑን ረሳሁት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አደኔ ጋሼ መኩሪያን ማድረቅ ሆነ። ዳገቱ ላይ ከታች የአጋዘኑ መሄጃ የሚታይበት ቦታ መርጬ ሃሞኮቹን፣ ተንጠልጣይ አልጋዎቹን፣ ማሰር ጀመርኩ። እሳቸው ዛፍና ዛፍ መሃል የተወጠረውን ጨርቅ ዓይተው ሳቁብኝ።

«ልጅ ሆኜ በአንቀልባ ታዝያለሁ፤ ሸምግዬ ደግሞ ዛፍ ሊያዝለኝ ነው?»

«መሬት ላይ ከተኙ ውሃ ከሥርዎ ይገባል ጋሼ። ሰናይት ምን እንዳለች ሰምተዋል።»

አሁን እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ ነገ ያስፈልጋችኋል። ሃሞክ ውስጥ የተኛን ሰው ዝናብ ከላይ ብቻ አይመጣበትም፤ ገመድ ይዞም ይመጣል። ግንዱን ወርዶ፣ ገመዱን ይዞ፣ ቀስ እያለ አልጋው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሁለቱም ገመዶች ላይ፣ ከላይ ከምትወጥሩት የዝናብ ሸራ ሥር፣ አንዳንድ የጫማ ክር ታስራላችሁ። ውሃው ክሩ ጋ ሲደርስ በእሱ ይወርድና መሬት ላይ ይንጠባጠባል። ሸራውን ደግሞ በነፋሱ በኩል ዝቅ አድርጋችሁ፣ እንደ ቤት ጣሪያ ግራና ቀኝ ቁልቁል ታደርጉታላችሁ፤ ሜዳ የሆነ ሸራ ውሃ ያቁራል። ለእሳቸው ትልቁን ሸራ ሰጠሁ፣ ለራሴ ትንሿን። ጠመንጃዎቹን ጥይታቸውን አውጥቼ እኔ ጋ አስጠለልኳቸው፤ በምናድርበት ቦታ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ አናስቀምጥም። እሳቸውን በመኝታ ከረጢታቸው ጠቅልዬ ባርኔጣቸው እስከ ጆሯቸው ድረስ እንደወረደ አስተኛኋቸው። ሥራዬን ዓይቼ ኮራሁ።

ዝናቡ ሲጀምር ጋሼ ጮኹ።

«ደረጀ! ምንም አይታየኝም እኮ! ይሄን በታች በኩል ያለውን ከፍ አድርግልኝ፤ አጋዘኑ ቢያልፍስ?»

«ውሃ ያቁርብዎታል።»

«በቁሜ አትገንዘኝ እንጂ አንተ ልጅ!»

ምን ላድርግ? የሸራውን የታች ጫፍ በምርኩዛቸው ደግፌ እንደ በረንዳ ከፍ አደረግኩላቸው። ደስ አላቸው። እኔም ወደ ሃሞኬ ገባሁ። ዝናቡ ሸራው ላይ ሲደበድብ፣ ከሥር ደረቅ ሆኖ መተኛትን የመሰለ ነገር የለም፤ ነገ ታዩታላችሁ። እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ።

የነቃሁት በጋሼ ድምፅ ነው። የተቆጣ ሹክሹክታ ነበር።

«ደረጀ… ተው እንጂ። ተው አትሽተተኝ። እሺ፣ አዎ፣ ተቀብቻለሁ፤ ትንሽ ናት።»

ከእንቅልፌ በደንብ አልነቃሁም።

«ጋሼ፣» አልኳቸው፣ «እኔ እዚህ ሃሞኬ ውስጥ ነኝ።»

ሹክሹክታቸው ቆመ። የማሽተቱ ድምፅ ግን አልቆመም፤ እፍ፣ እፍ፣ እፍ።

ቀና ብዬ ሳይ፣ በረንዳ ባደረግኩት ሸራ ሥር፣ ከዝናቡ ተጠልሎ፣ አንድ ጥቁር ድብ በጋሼ መኩሪያ ራስጌ ቆሟል። አፍንጫው ባርኔጣቸው ላይ ነው። ፀጉሩ ርሶ በጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ ትከሻው የዚህን ሱቅ በር ይሞላል። የብርዱ ወራት ሳይገባ ስብ የሚፈልግበት ወቅቱ ነው። ያን ጊዜ ነው ያን ዕለት ኪሳቸው ውስጥ ምን እንደነበረ የገባኝ። የረሱት ዕቃ ከዚህ ከመደርደሪያቸው የወሰዱት አንድ ብልቃጥ ለጋ ቅቤ ነበር። ውሃ እንዳያስገባ ብለው፣ ሰናይትን ፈርተው፣ ራሳቸውን ቀብተውታል!

አትሳቁ። አሁን ያስቃል፤ ያን ጊዜ ግን ዓይኔ ወደ ጠመንጃው ነው የሄደው። ጠመንጃው ባዶ ነው። ጥይት ባጎርስስ ወዴት ልተኩስ? በእኔና በድቡ መሃል ያለው የጋሼ ራስ ነው። እሳቸው እንዳይሸሹ እኔው ራሴ እስከ አገጫቸው ጠቅልያቸዋለሁ። ድቡ በጥርሱ ባርኔጣውን ላጥ አደረገው። ከዚያ ምላሱን አውጥቶ ራሳቸውን ላሰ። አንዴ ከአንገታቸው እስከ ግንባራቸው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው «ድንግል ማርያም፣ ድንግል ማርያም» ይላሉ። አንደኛው መዳፉ የሃሞኩን ጠርዝ ያዘና አልጋው ዘመመ።

በካልሲ ጭቃው ላይ ዘለልኩ። እጆቼን ወደ ላይ ዘርግቼ «ሂድ! ዞር በል! ውጣ ከዚህ!» ብዬ ጮኽኩ። የካሊፎርኒያ ድብ በአማርኛ እንደማይሰማ አልታሰበኝም። ራሱን አዙሮ አየኝ። ጥርሱን ቀጭ ቀጭ አደረገ፣ በአፍንጫው አጓራ፣ በአንድ ዝላይ ወደ እኔ መጣና ቆመ። እስትንፋሱ ሸተተኝ፤ የኦክ ፍሬና ቅቤ። መሮጥ አማረኝ። ብሮጥ ግን ተመልሶ ወደ ቅቤው ነው የሚሄደው። አልሮጥኩም።

ከዚያ ከራሱ በላይ ሸራውን አየሁት። ያልኳቸው አልቀረም፣ ውሃ አቁሯል። ሸራው ሆዱ ተነፍቶ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ደግሞ የድቡ ጀርባ ነው። ምርኩዙ አጠገቤ ነበር። በእግሬ መታሁት።

ያ ሁሉ ውሃ፣ ከሰዓት ጀምሮ የተጠራቀመው የተራራ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በአንድ ጊዜ ድቡ ላይ ተደፋ፤ ሸራውም አብሮ ራሱ ላይ ወደቀበት። እንደዚያ የደነገጠ አውሬ ዓይቼ አላውቅም። ወደ ኋላ ተንከባለለ፣ ምርኩዙን ረግጦ ሁለት ቦታ ሰበረው፣ ዘሎ ተነሣና ቁጥቋጦውን እየሰባበረ ቁልቁል ወረደ። ባርኔጣውን ይዞት ሄደ፤ እስካሁን አልመለሰም።

«ጋሼ! ጋሼ፣ ደህና ነዎት?»

«ሸራውን!» አሉኝ፣ «ሸራውን አንሣው፣ ዝናቡ ሊገባ ነው!»

እውነታቸውን ነው። ጠመንጃቸው ትዝ ብሏቸው ነበር። ጫፉን በሁለት እጄ ይዤ ከፍ አደረግኩት። ምርኩዙ የለም፣ ስለዚህ ምርኩዙ እኔ ሆንኩ። ዝናቡ በአንገቴ ገብቶ በሱሪዬ ይወርዳል። እሳቸው ከሥር እንደተጠቀለሉ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ሳቅ ነው። «እናቴ እንኳ እንዲህ አድርጋ አላጠበችኝም» እያሉ ይስቃሉ። እኔም ሸራውን እንደያዝኩ ስስቅ ስስቅ እጄ ዛለ።

በሳቃችን መሃል ያ የጠዋቱ አጋዘን ወጣ።

ከታች መሄጃው ላይ፣ ቀንዱ ሰፊ፣ ጆሮው ረጅም፣ ውሃ እየተንጠባጠበበት ቆመና ቀና ብሎ አየን። ስንት ዓመት የፈለግነው ዓይነት ነው። ጠመንጃው ከእኔ ትንሽ እልፍ ብሎ ነው ያለው። እጄን ብለቅ ሽማግሌው ይረጥባሉ፤ ካልለቀቅኩ አጋዘኑ ይሄዳል። ጋሼም አይተውታል። ጠመንጃውን አዩ፣ እኔን አዩ። ምንም አላሉኝም። ቢሉኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ እንጃ። እኔም እጄን አልለቀቅኩም። አጋዘኑ ጅራቱን አወዛወዘና በዝግታ አለፈ። ዝናቡ እስኪያባራ እንደዚያው ቆምኩ። ብታምኑኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር የቆምኩት።

ፌርፋክስ ስንደርስ ሰናይት በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ከመኪናው አወረደቻቸው፣ ካልሲያቸውን ዳበሰች፣ ደረቅ ነው። እጇን በጀርባቸው አስገባች፣ ደረቅ። ገና ልትስቅ ስትል እኔ ያዋስኳቸውን ቆብ ከራሳቸው አነሣችና እጇን ስታሳርፍ እርጥብ ሆኖ አገኘችው። ፊቷ ተለወጠ። የጋሼም ፊት ተለወጠ። መዳፏን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች።

«ዋት? ዳዲ፣ ቅቤ ነው?»

«ውሃ እንዳያስገባ ነው» አሉ፣ አንገታቸውን ሰብረው።

«ለምን ግማሹ ብቻ ቀረ?»

«ሌላውን ድብ ላሰው» አልኳት።

እኔን ዞራ አየችኝ። ከራሴ እስከ እግሬ ጭቃ ነኝ፣ ጫማዬ ሲረገጥ ውሃ ይተፋል። አሳጥሬ ነገርኳት። እግረኛ መንገዱ ላይ ቁጭ ብላ ዕንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ተነሥታ የራሷን ፎጣ ከመኪናዋ አምጥታ በእኔ ትከሻ ላይ ጣለችው፤ አባቷን ደግሞ አቅፋ፣ ያንን ቅቤ የጠጣ ራስ ሳመችው። «ደርቋል፣» አለች፣ «ዲል ኢዝ ዲል።» ይኸው ጠመንጃው አልተሸጠም፣ እሳቸውም አንድ ዓመት አልቀሩም።

እኔ ከዚያ ጉዞ ሥጋ ይዤ አልመጣሁም። ቦርሳዬ ውስጥ ግን ያቺን የተሰበረች ምርኩዝ ቁራጭ ሁልጊዜ እይዛታለሁ፤ ተመልከቷት፣ የድቡ ክብደት ያረፈባት ናት። ሳያት የሚታወሰኝ ድቡ አይደለም፤ ከሥሬ ያ የጋሼ ሳቅ ነው። ነገ ሸራውን የምትወጥሩት እናንተ ናችሁ። ክር አስሩ፣ ቁልቁል አድርጉት፣ ጋሼ «ከፍ አድርጉልኝ» ሲሉ እሺ በሏቸው፣ መቼም ከእሳቸው ጋር አይቻልም። ምርኩዝ ከተሰበረ ግን እኔን አትጥሩኝ። ያን ቦታ አንዴ ቆሜበታለሁ፣ እንደሱ የሚያስደስት ቦታ ስለሌለ ለእናንተ ለቅቄያለሁ።

በሉ ተነሡ፣ ዕቃ እንጫን። ቆይ፣ አንድ ነገር ቀረን።

ጋሼ፣ እስቲ ባርኔጣዎን ያውልቁ።