ጥድ ብዬ የጻፍኩት

ቢቸና፣ ረቡዕ ጠዋት

ከቢቸና መናኸሪያ የተነሣሁት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያስነሣኝ አንድ ቃል ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ከሞጣ ወዲያ ገደል አፋፍ ላይ ያለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ዛፋችን እየደረቀ ነው ብለው አስጠርተውኝ ነበር። ዲፕሎማ የለኝም። ቢቸና ላይ ችግኝ አፈላለሁ፤ የዛፍ በሽታን የተማርኩት ከመጽሐፍና ከዛፉ ከራሱ ነው። ሄጄ ቅርንጫፉን በማጉያ መነጽር ሳየው ክሽክሽ ወርሶታል። ክሽክሽ የዛፉን ፈሳሽ የሚመጥ ደቃቅ ነፍሳት ነው፤ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው እየተሻገረ ቅጠሉን ከውስጥ ወደ ውጭ ያደርቀዋል። እኔም በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው፦ «በምሥራቅ በኩል ጥዱ ታሟል፤ ተቆርጦ ይቃጠል።»

ማክሰኞ ማስታወሻዬን ስገለብጥ ስህተቴ ታየኝ። እኛ ችግኝ የምናፈላ ሰዎች «ጥድ» ስንል የፈረንጁን ጥድ ማለታችን ነው፤ በብዛት የሚሸጠው እሱ ነውና። የታመመውም እሱ ነበር። በዚያ ቀበሌ ግን «ጥድ» የሚባለው የሐበሻው ብቻ ነው፤ ሌላውን ባጭሩ «ፈረንጅ» ይሉታል። የሐበሻው ጥድ ደግሞ በዚያው በምሥራቅ በኩል፣ በገደሉ ጠርዝ ላይ ተደርድሮ ቆሟል። የተሰነጠቀውን ዓለት አያይዞ የያዘው ሥሩ ነው። በበጋ ቅጠሉ ስለሚጠወልግ ለሚያየው የታመመ ይመስላል። ከገደሉ ሥር የሰው ቤት አለ።

ቆረጣው ያኔውኑ ለነገ ሐሙስ በደቦ ተቀጥሯል። እንዳልደውል ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል።

ደብረ ወርቅ፣ ግንደ ወይን

ደብረ ወርቅ ላይ ለቁርስ ወረድን። ረቡዕ ስለሆነ ሽሮ በላሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ አቧራ ነው። ግራና ቀኙ የታጨደ የጤፍ ማሳ፣ አልፎ አልፎም ያልተወቃ ክምር ነበር። ግንደ ወይን ሳንደርስ ጎማው ተነፈሰ፤ ትርፉ ጎማም የማይረባ ሆነ። ሾፌሩ ጎማውን ተሸክሞ ከተማ ሲሄድ እኛ ከአንድ ግራር ጥላ ሥር ተቀመጥን።

አጠገቤ ሐጂ ሰይድ የሚባሉ የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። «ልጄ፣ ሰዓትህን ስታየው ጎማው ይነፋል እንዴ?» አሉኝ።

«ነገ የሚቆረጥ ዛፍ አለ፣ ሐጂ። ልደርስበት ነው።»

«እኔ ደግሞ የሰው ጉዳይ መስሎኝ!» ብለው ሳቁ።

«የሰው ነው» አልኩና የወረቀቱን ነገር ነገርኳቸው። ሳቃቸው ቀረ። «እኔ ዘንድ አንዱ መጥቶ ‹ነጭ ቁረጥልኝ› ቢለኝ፣ ለሰርግ ነው ለከፈን ሳልል መቀስ አላነሣም» አሉ። «አንተን ግን ‹የትኛው?› ብሎ የጠየቀህ የለም» ብለው ከያዙት ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ።

ሞጣ የገባነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። አልጋ ይዤ አደርኩ።

ወንዙ፣ ሐሙስ ጠዋት

ጎሕ ሲቀድ በእግሬ ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ከተጓዝኩ በኋላ ሸለቆው አፍ ላይ ደረስኩ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከማዶ ትታያለች፤ ለዓይን ቅርብ፣ ለእግር ሩቅ ናት። ቁልቁለቱን ስጀምር ከማዶ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ። ጮህኩ። ድምፄን ሸለቆው ዋጠው። ከጠርዙ ላይ አንዱ ጥቁር አረንጓዴ ጫፍ ቀስ ብሎ ሲያዘነብል፣ ከዚያም ሲጠፋ አየሁ። የአወዳደቁ ድምፅ ዘግይቶ ደረሰኝ።

ወንዙ በበጋ ከጉልበት አያልፍም። ዳርና ዳሩን ከላይ የተናዱ ቋጥኞች ሞልተውታል። የቆዩት የድንጋይ ሽበት የሚባለውን ነጣ ያለ ሽፋን ለብሰዋል፤ የቅርቦቹ ፊታቸው ገና ጥቁርና ንጹሕ ነው። ባለፈው ስመጣ ንጹሖቹን ስድስት ብዬ ቆጥሬ ነበር። አሁን ቆሜ አልቆጠርኩም።

ከገደሉ ሥር ያለው ቤት የወይዘሮ ጥሩዬ ነው። ባላቸው ሞተው ሁለት ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳድጋሉ። በራቸው ላይ ቆመው ወደ ላይ ያያሉ።

«ባለ ወረቀቱ! ጥዱን ከራሴ በላይ የምታስቆርጠው ምን ባደረግሁህ ነው?»

«እሱን አላልኩም፣ እትዬ ጥሩዬ።»

«ታዲያ ለኔ ትነግረኛለህ? ሩጥ እንጂ!»

አፋፉ

ስደርስ ሦስቱ የሐበሻ ጥዶች ወድቀዋል፤ አራተኛው እስከ ግማሹ ድረስ ተበልቷል። «አቁሙ! እሱ አይደለም!» አልኩ፤ ትንፋሽ አልነበረኝም።

መጥረቢያ የያዘው ጎልማሳ ላቡን ጠረገ። «ጥድ አልክ፣ ጥድ ቆረጥን። ፈረንጁን ከፈለግህ ፈረንጅ አትልም ነበር?»

የቅኔ መምህሩ የኔታ የሽማግሌዎቹ አለቃ ናቸው። ወረቀቴን ከጋቢያቸው እጥፋት አውጥተው ከዓይናቸው አርቀው አዩት። «ይኸው፣ ‹ጥዱ› ይላል። እኛ ‹ጣዱ› ብለን አነበብነው፤ አሁን የምንጥደው ድስት ነው የጠፋን።» አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ሰሙ ያንተ ነው፣ ልጄ። ወርቁ ግን ከጥሩዬ ራስ ላይ ነው የሚወርደው።»

አንዱ ጉቶ አጠገብ ተንበርክኬ ቀለበቱን መቁጠር ጀመርኩ፤ መቶ ካለፈ በኋላ ጠፋኝ።

ወይዘሮ ጥሩዬ ዳገቱን ወጥተው ደረሱ። «ሥሩስ?» አሉ።

«ሥሩ አለ። ግን ይሞታል፤ ቀስ እያለ ይበሰብሳል። ያን ጊዜ ዓለቱን የሚይዘው የለም።»

«ስንት ክረምት ቀረኝ?»

«አላውቅም፣ እትዬ ጥሩዬ። ሳላውቅ ሁለተኛ አልናገርም» አልኩ።

ከጉቶዎቹ ሥር በዓለቱ ላይ ሦስት ስንጥቆች አሉ። ዝናብ በማያገኛቸው በኩል፣ ከዳር እስከ ዳር አሻግሬ የሸክላ ጭቃ አቦክቼ ለጠፍኩባቸው። «ይህ ጭቃ ደርቆ ሲያበቃ፣ በጣትዎ እየዳበሱ አዲስ ስንጥቅ በላዩ ይፈልጉ። መሐል ለመሐል ከተተረተረ ዓለቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ያን ቀን ልጆቹን ይዘው ይውጡ፤ ዕቃ አይልቀሙ።»

የኔታ ወደ ደቦው ዞሩ። «እንዳትበተኑ። ዛሬ ፈረንጁን ቆርጣችሁ አቃጥሉ፤ የታመመው እሱ ነው ተብላችኋል። እነዚህ ሦስቱ ግን እንጨታቸው አይነቅዝም፤ ይጠረቡ። በእነሱም የጥሩዬ አዲስ ቤት ከአጥሩ ወዲህ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ መሬት ላይ ይቆማል። ደቦው በሚመጣው ሐሙስ ነው።» ከዚያ ወደኔ፣ «አንተም ትመጣለህ» አሉኝ።

ወይዘሮ ጥሩዬ የወደቀውን ግንድ በእጃቸው ዳሰሱት። «እስከዚያው ከጭቃው ጋር ነኝ» አሉና ወደ ታች ወረዱ።

ቢቸና፣ ዓርብ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ገባሁ። ማስታወሻዬን ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቼ «ጥድ» የሚለውን ሁሉ እየፈለግሁ «የፈረንጅ» ወይም «የሐበሻ» እያልኩ ጨመርኩ። በአሥራ አንድ ቦታ የትኛውን ማለቴ እንደነበረ ማስታወስ አልቻልኩም፤ እነሱን ሰረዝኳቸው። በሽታውን በትክክል አውቄው ነበር። የምጽፍላቸው ሰዎች ያንን ዛፍ ምን ብለው እንደሚጠሩት ግን አልጠየቅኩም።

አመሻሹ ላይ አንዲት ሴት አጥሩን አልፋ ገባች።

«ጥድ አለህ?»

«የትኛው?»

«ኧረ ጥድ ነዋ!» አለችና ሳቀች።

እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። «ነይ፣ በጣትሽ አሳዪኝ» አልኳት።